ሶረቲ በሰማይ ያላት ላም

ነቀምቴ ውስጥ አንድ እንቁላል በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ሲሸጥ ካያችሁ ሻጩ ጉደታ ነው። አትደንግጡ፣ ሌባ አይደለም። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የጨረታ ሰው ነው። እንቁላሏም የጌታ እንቁላል ናት፤ የጌታ ዕቃ ደግሞ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ቲቲ እባላለሁ። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አከራያለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ሃይማኖትሽ ምንድን ነው የሚለኝ ሲመጣ ወንበሬ ተቆጥሮ ሲመለስ ነው የማምነው እለዋለሁ። ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ስብከትም ለእኔ ያው መቶ ሃምሳ ወንበር ነው። ስለዚህ የማወራላችሁን ከራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት እንጂ ከሰው አልሰማሁትም።

ጉደታ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የከብት ገበያ ደላላ ነው። አፉ ጤፍ ይቆላል። የከሳ በሬ ይዞ ይሄ ከስቶ አይደለም፣ ቁመቱ ነው የበዛበት ብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ጌታን ሲቀበል መጠጡን ተወ፣ ስድቡን ተወ፣ ሲጋራውንም ተወ። ምላሱን ግን የት ይጣላት? የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ብልሆች ናቸውና ማይክ ሰጡት።

የነሱ ጨረታ እንዲህ ነው። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ሰው ከቤቱ ያመጣው ነገር ይወጣል፤ ዶሮ ነው፣ እንቁላል ነው፣ አንድ ጣሳ ማር ነው። ጉደታ ይጮሃል፣ ሰው ዋጋ ይጨምራል፣ ያሸነፈው ይከፍላል። ከዚያ ያሸነፈው ሰውዬ ተነስቶ «ለጌታ ይመለስ» ይላል፤ ያው ዶሮ እንደገና ይሸጣል። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በአንድ እሁድ ሰባት ጊዜ ተሸጦ፣ መጨረሻ ላይ የገዛው ሰው ላመጣችው ሴትዮ መርቆ መልሶላት፣ ዶሮው በመጣበት ዘንቢል ወደ ቤቱ ሲገባ አይቻለሁ። ዶሮው እንኳ ለምዶታል፣ አይንፈራገጥም። ዕቃውን መውሰድ ክልክል ነው የሚል የተጻፈ ነገር የለም። ግን ማንም ወስዶ አያውቅም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ላሟ ልምጣ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ወደ ኑኑ ቁምባ የወንጌል ጉዞ ይወጣሉ፤ ወጣቶቹ አውትሪች ይሉታል። አይሱዙ ይከራያሉ፣ ጀነሬተርና ሞንታርቦ ይጭናሉ፣ ጀርባው ላይ ጥቅስ ያለበት ቲሸርት ያሳትማሉ፣ የእኔን ድንኳንና ወንበር ይወስዳሉ። ዘንድሮ ነዳጁም ቲሸርቱም ጣራ ነካና ገንዘቡ ጎደለ። የጉዞው ሰብሳቢ ኦቦ ዋጋሪ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ያለ ፐርሰንት ስለ ሰማይም አያወሩም። ስልሳ ከመቶው ገና አልተገኘም፣ ያንተ ምላስ ካላወጣን ጉዞው ቀረ አሉት ጉደታን። ጉደታ ደግሞ ሲያሞግሱት ነፍሱን አያውቅም። በዶሮና በእንቁላል ይሄ አይሞላም፣ ትልቅ ነገር ላምጣ አለ። ያመጣው ትልቅ ነገር የሚስቱን ላም ነበር።

ላሟ ቡሬ ትባላለች። ሶረቲ ዓመት ሙሉ በጣለችው ዕቁብ የገዛቻት የራሷ ላም ናት፤ ጉደታ ገመዷን ከመያዝ ሌላ ድርሻ የለውም። ወተቷ ጠዋት ጠዋት ለመምህራኑ ቤትና ለሁለት ቁርስ ቤቶች ይሄዳል። በዚያ ወተት ነው ልጃቸው አሜን የነርስነት ትምህርቷን የምትማረው፤ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ሶረቲ ቢቆርጧት ደሟ ወተት ነው የሚሆነው እያልኩ እቀልድባት ነበር። የዚያን እሁድ እህቷ አርጆ ላይ ወልዳ አራስ ጥየቃ ሄዳለች። ጉደታ አሜንን ላሟን ላስከትባት ነው ብሏት ነድቶ ወጣ። በጾም ወቅት በሬ የሚሸጥ ሰው ለልጁ ይሄን ማለት አይከብደውም። ደግሞ በልቡ ለምሳ ትመለሳለች ብሏል። አምስት ስድስት ጊዜ ትሸጣለች፣ መጨረሻ የገዛት መርቆ ይመልሳታል፣ ሶረቲ ሳትሰማ ቡሬ በረቷ ትገባለች፣ እሱም ላም የሰጠ ሰው ተብሎ ይቀራል። በነጻ!

ጉደታ ጀመረ። አምስት ሺህ ተባለ፣ ሰባት ተባለ፣ ዐሥር ተባለ። ቡሬ ዘጠና ሺህ እንደምታወጣ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ግን ደጋግማ ልትሸጥ ነውና ማንም በአንዴ አይከምርም፤ ሁሉም በተራው ዐሥር ዐሥሩን ይላል። እኔ አጠገብ ወልደዮሐንስ ተቀምጧል። ወልደዮሐንስ ያገሬ ልጅ ነው፣ ዘይትና ስኳር በጅምላ ይሸጣል። ሚስቱ ጎትታ ካመጣችው ገና ሦስተኛ እሁዱ ነው። ላም በዐሥር ሺህ ስትጮህ ሲሰማ ዓይኑ ሊወጣ ደረሰ። እነዚህ ሰዎች ጤና አላቸው ወይ ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልነግረው እችል ነበር። አንተ፣ ይሄ እኮ የመስጠት ጨዋታ ነው፣ ላሟ አትወሰድም ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጉዱን ለማየት ብዬ ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወልደዮሐንስ እጁን አወጣና አርባ ሺህ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጉደታ ላቡን እየጠረገ ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ ብሎ ቆጠረና ዘጋው። ከዚያ ማይኩን ወደ ወልደዮሐንስ ዘረጋ፤ ለጌታ ይመለስ እንዲል። ወልደዮሐንስ ግን እጁን ኪሱ ከተተ፣ ብሩን በእስር በእስሩ ቆጥሮ አስረከበ፣ ገመዱን ፈታ፣ ላሟን እየነዳ በበሩ ወጣ። መዘምራኑ የሚዘምሩት ጠፋባቸው። ጉደታ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ያ አፍ ተከፍቶ ምንም ሳይወጣው ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማን ይናገር? ስንሰጥ የማንሰጥ ሰዎች ነን ብሎ ማን ይጩኽ? ቄስ መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉደታን ባረኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሶረቲ ሰኞ ማታ ከአርጆ ስትመለስ ባኬ ጃማ ውስጥ ያልሰማ እሷ ብቻ ነበረች። ባዶ በረት አይታ፣ አሜንን ጠይቃ፣ ማክሰኞ በጠዋት እኔ ቤት መጣች። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ የወተት ጣሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በኦሮምኛ ያ ቲቲ ብላ ጠርታኝ፣ ያገርሽ ሰው ነውና ሄደሽ ጠይቂልኝ አለች። የአሜን ክፍያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልተከፈለ ፈተና አትቀመጥም። ከላሟ ሌላ ምንም የላትም።

ሄድኩ። ወልደዮሐንስ የሰማይ ያህል ገረመው። «ቲቲ፣ እኔ ስኳር ሸጬ ብሩን ተቀብዬ፣ ስኳሩን መልስ ብል ምን ይሉኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ክፉ ሰው አይደለም። ጉደታ ራሱ ይምጣ፣ የሸጥኩት ለጨዋታ ነው፣ አልሰጠሁም ይበለኝ፣ ላሟን ይውሰድ፣ አርባ ሺሁም ለቤተ ክርስቲያን ይቅር አለ። እንዲህ ያለ ደግ ገዢ ከየት ይገኛል? ሮጬ ለጉደታ ነገርኩት።

ጉደታ አልሄድም አለ። ለጌታ የሰጠሁትን እንዴት መልሱልኝ እላለሁ አለ። ይታያችሁ፣ አሁን ለጌታ የሰጠው ሆነ! በየቤቱ ላም የሰጠ ሰው እየተባለ ነው፤ በጸሎት ቤት የፊት ወንበር ተለቆለታል፤ እሱም ቀስ በቀስ ራሱን አመነ። ከሚስቱ ሰርቆ ጻድቅ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ አልኩት በፊቱ። አልሰማኝም፣ ጥቅስ ጠቀሰልኝ። ሶረቲ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየለመነችው ከረመች። ማሎ፣ እባክህ ሂድ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ለልጅህ ስትል አለችው። እምቢ ሲላት አንድ ጠዋት ባዶ ጣሳዋን ፊቱ አስቀመጠችና «በቃ፣ እኔም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም።

ጉዞው ደረሰ። እኔ ድንኳኔን ለሰው አላምንምና አብሬ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ተብሎ ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ ወጣን። አርጆን አልፈን ኑኑ ቁምባ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኖቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ አራተኛው ላይ ተውኩት። ከተማው ውስጥ ጌታን ያልተቀበለ ሰው ማግኘት በክረምት ደረቅ እንጨት ማግኘት ነው። የአገሩ ምእመናን ከሩቅ ለመጡ ወንድሞች ብለው በሬ አርደው ጠበቁን። ወንጌል ልንሰብክላቸው የሄድንላቸው ሰዎች ምግብ አብስለው፣ ድንኳን ተክለው፣ ከኛ መዘምራን በላይ ዘመሩልን።

ወንበር ስቆጥር አንዲት ሴትዮ አዋራችኝና ሌላ ጉድ ሰማሁ። ኦቦ ዋጋሪ ካቻምና አንድ ነፍስ፣ አምናም አንድ ነፍስ ብለው ሪፖርት አድርገዋል። ለካ ሁለቱም አንድ ሽማግሌ ናቸው! ሰውዬው ከደርግ ዘመን ጀምሮ አማኝ ናቸው። ግን ጌታን እቀበላለሁ ብሎ እጅ የሚያወጣ ሲጠፋ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡ እንግዶች አፍረው እንዳይመለሱ ብለው ያወጣሉ። ዘንድሮ ታመው ከቤት አልወጡም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ የኛን ጉዞ ደግፎ ያቆመው የአንድ ሽማግሌ ጨዋነት ኖሯል።

አርብ ማንም እጅ አላወጣም። ቅዳሜ ዘነበ። እሁድ ከሰዓት የመጨረሻው ነው፤ ቄስ መገርሳ ሰብከው ድምጻቸው ተዘጋና ማይኩን ለጉደታ ሰጡት። ጉደታ ጭቃ በጭቃ የሆነ ቲሸርቱን ለብሶ ቆመ። ዛሬ ጌታን የሚቀበል ማነው አለ። ዝም። አንድ ነፍስ፣ ማነው አለ። ዝም። ይሄኔ የገበያው ልማድ ያዘው መሰለኝ፣ እጁን ዘርግቶ ቶኮ አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ላማ አለ። ሰዲ ይላል ብለን ስንጠብቅ አላላትም። ቆመ። ቆሞ ቆሞ የራሱ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

ሰው እንዲህ አድርጉ ብሎ የሚያሳየን መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን የእውነቱን መሆኑ ገባኝ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና በቀስታ፣ ያቺን የገበያ ድምጹን ትቶ ተናገረ።

«እኔ ላም አልሰጠሁም። ትመለሳለች ብዬ ነው ያወጣኋት። ላሟም የእኔ አይደለችም፤ የሚስቴ የሶረቲ ናት፣ ሰርቄያት ነው። በአንድ ቃል ላስመልሳት ስችል ስሜ እንዳይበላሽ ብዬ ልጄን ከትምህርት ላስቀር ነበር። ሃያ ዓመት ሰውን ስጡ ስል ኖርኩ እንጂ እኔ አንድ ቀን ሰጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ አለቀሰ። ደላላ ሲያለቅስ ያስቃል ብዬ አስብ ነበር። አላሳቀኝም። እኔም ያኔ በወልደዮሐንስ ጆሮ ልናገረው የሚገባኝን ሁለት ቃል አሰብኩና ወንበሬ ላይ አጎንብሼ ቀረሁ።

ነቀምቴ ስንገባ ጉደታ ከአይሱዙው ወርዶ ቤቱ አልሄደም። በዚያው ጭቃው ወደ ወልደዮሐንስ ሱቅ ሄደና ደንበኛ ሁሉ እየሰማ አልሰጠሁም፣ የሸጥኩት ለጨዋታ ነው አለው። ወልደዮሐንስ ጭንቅላቱን ያዘ። ላሟ ከሶረቲ እጅ በቀር ለማንም ወተት አልለቅ ብላ፣ ሚስቱን ሁለት ጊዜ ረግጣ፣ ባለፈው ማክሰኞ ለባኮ ነጋዴ በዘጠና አምስት ሺህ ሸጧታል። ምነው ቀደም ብለህ ብትመጣ አለ። አዝኖ አንድ ጀሪካን ዘይት ሰጠው። ጉደታ ዘይቱን አልተቀበለም።

እኔ ወደ ሶረቲ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ስትሰማ ቆይታ በማይክ ነው ወይ የተናገረው አለችኝ። በማይክ ነው አልኳት። ማይኩ ይሰራ ነበር ወይ አለች። ይሰራ ነበር፣ እስከ ገበያው ተሰምቷል አልኳት። በዚያ ሳምንት ጉደታ እንደ ዓይኑ የሚያያትን ሞተር ሳይክሉን ሸጦ የአሜንን ክፍያ ከፈለ። አሁን ከብት ገበያ በእግሩ ይሄዳል፣ ማይክም አልይዝም ብሏል።

ሚያዝያ ላይ የጉዞው ሪፖርት ቀረበ። እኔ ኪራዬ አልተከፈለኝምና ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ኦቦ ዋጋሪ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ወጪ፣ መቶ ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር። የዳነ ነፍስ፣ ዜሮ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ በዚህ ብር የስንት መበለት ቤት ጣራ ይከደን ነበር አለ፤ ደህና አለ። ሌላው ዘር በተዘራ ቀን አይታጨድም አለ፤ እሱም ደህና አለ። ቄስ መገርሳ በአንድ ነፍስ እንኳ ሰማይ ደስ ይለዋል አሉ፤ ኦቦ ዋጋሪ ግን አንድም የለንም ብለው መለሱ። አንዲት ልጅ ፈራ ተባ እያለች ኦቦ ጉደታስ አለች። ጉደታ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ኦቦ ዋጋሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉደታ ከሃያ ዓመት በፊት ተመዝግቧል፤ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መቁጠር ስህተት ነው አሉ። የኑኑ ቁምባውን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ የቆጠሩ ሰውዬ!

ሶረቲ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ከላሟ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ባሏን አላየችውም፣ ኦቦ ዋጋሪን ነው ያየችው።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ያኛውን ሰውዬ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይሄ የተመለሰው ሌላ ነው። ቁጠሩት። ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

ጉደታ ቀና ብሎ አያት፤ ከመጋቢት ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ያኔ ገና ነው። ኦቦ ዋጋሪ ሪፖርቱን ወደ ራሳቸው ስበው እስክሪብቷቸውን አነሱ። ከዚያ ዜሮዋን ሰርዘው አንድ ጻፉ።

እኔም ያን ቀን ኪራዬን ሳልጠይቅ ወጣሁ። በማግስቱ ጠየቅኩ።